ዝርክርኮች ያተረፉት ዶክተር

በ2013 ኦክቶበር መጀመሪያ፣ በእኛ የመስከረም ማለቂያ ላይ፣ ሰንደይ ሚረር የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ አንድ የምሥራች ይዞ ወጣ። ለአርባ ዓመት ያህል የውሃ ሽታ ሆነው የቆዩ ከመቶ በላይ የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች ተገኝተዋል፤ የተገኙትም ኢትዮጵያ ውስጥ አቧራ ጠጥተው ነው ይላል። የኢትዮጵያ ስም በእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ከድርቅና ከሩጫ ውጭ በሆነ ጉዳይ ሲነሣ ብርቅ ነው። በሰማያዊ የፖሊስ ሣጥን ተሳፍሮ ጠፈርን በሚያካልል ሰው ሰበብ ሲነሣ ደግሞ ከብርቅም ያልፋል።

ወሬው እንዲያው ከሜዳ የታፈሰ አልነበረም። ቢቢሲ ይህን ተከታታይ ድራማ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለበርካታ አገሮች ሸጧል፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከገዙት መካከል ኢትዮጵያም አለችበት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያኔ ገና ልጅ ነው፤ ሥራ የጀመረው በ1964 ነበር። ድራማው ለገዢዎች የሚላከው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ተገልብጦ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ ነው። ገዢው አሳይቶ ሲጨርስ ጥቅሉን ወደ ለንደን ይመልሳል፤ ወይም ወረፋ ለያዘው ለሚቀጥለው አገር ያስተላልፋል፤ አለዚያም ያጠፋውና «አጥፍቻለሁ» የሚል ወረቀት ፈርሞ ይልካል። የድራማው ወዳጆች እስከ ዛሬ ተስፋቸውን የጣሉት በዚህ በመጨረሻው ወረቀት ላይ ነው። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ፣ የሆነ አገር ላይ፣ ወረቀቱን ፈርሞ ቆርቆሮውን ግን ከመደርደሪያ ሥር ወርውሮ ሻዩን ሊጠጣ ሄዷል ብለው ያምናሉ። የዚህ ወግ ጀግና እሱ ነው።

ድራማውን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ዶክተር ሁ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኖቬምበር 23 ቀን 1963፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት፣ ቅዳሜ ምሽት ነው። ባለታሪኩ ከሌላ ዓለም የመጣ፣ ስሙን የማይናገር፣ «ዶክተር» ብቻ የሚባል ሰው ነው። ታርዲስ በተባለችው መንኮራኩሩ ከዘመን ወደ ዘመን ይዘዋወራል። መንኮራኩሯ ከውጭ ስትታይ በዚያ ዘመን እንግሊዝ መንገድ ዳር ይቆም የነበረውን የፖሊስ ስልክ ሣጥን ትመስላለች፤ ውስጧ ግን አዳራሽ ነው። በ1966 የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ሲታወክ አዘጋጆቹ ዘዴ ዘየዱ። ዶክተሩ ሰውነቱ ሲደክም መልኩን ቀይሮ ይነሣል ተባለና ፓትሪክ ትራውተን ተተካ። ተዋናይ ሲሰናበት ድራማው አብሮ እንዳይሰናበት ይህን የመሰለ መላ ከዚያ በፊት ያገኘ የለም። እንደዚያ እየተቀያየረ እስከ 1989 ዘለቀ፤ በ2005 ደግሞ እንደገና ተጀመረ።

ታዲያ ይህን ያህል የተወደደ ነገር እንዴት ጠፋ? መልሱ የሚያበሳጨው ያጠፉት ሰዎች ሰነፎች ባለመሆናቸው ነው። ሥራቸውን በሥርዓቱ የሚሠሩ፣ ወጪ የሚቆጥቡ፣ መጋዘን የሚያጸዱ ሰዎች ነበሩ። የዘመኑ የቪዲዮ ቴፕ ወርዱ ሁለት ኢንች ሲሆን ዋጋው አይቀመስም፤ ደግነቱ ተደምስሶ እንደገና ይቀረጽበታል። የተዋንያን ማኅበሩ ስምምነት ደግሞ አንድ ድራማ ስንት ጊዜ በድጋሚ እንደሚታይ ወስኖታል፤ ከዚያ በላይ ለማሳየት ሌላ ድርድር፣ ሌላ ክፍያ ነው። በዚህ ላይ የቀለም ቴሌቪዥን መጣ። ከዚያ ወዲህ የጥቁርና ነጭ ድራማ ገበያ አለው ብሎ የሚከራከር ሰው ከየት ይመጣል? ሕዝቡ አንድ ቀን የቴሌቪዥን ድራማ ከሱቅ ገዝቶ፣ በላስቲክ ከረጢት አንጠልጥሎ ቤቱ ይገባል ብሎ ያሰበም አልነበረም።

ከ1967 ጀምሮ ቴፖቹ በተራ ተደመሰሱ። ለውጭ አገር ሽያጭ የተገለበጡት ፊልሞች ጥቂት ቆዩና በ1970ዎቹ እነሱም ወደ ቆሻሻ ይጣሉ ጀመር። ሲነገር እንደኖረው ቴፕ ደምሳሹ ክፍል «ፊልሙ ሽያጭ ክፍል አለ» ይላል፤ ሽያጭ ክፍሉም «ዋናው ቴፕ እዚያ አለ» ይላል። ሁለቱም ደንብ አልጣሱም። ቪዲዮ ማጫወቻ አዲስ አበባ በገባ ሰሞን የታላቅ ወንድሙ ሠርግ ካሴት ላይ የዓለም ዋንጫ የቀዳ ልጅ ያለበት ቤተሰብ ይህን ጥፋት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ልዩነቱ ቢቢሲ ሠርጉን የደመሰሰው በፊርማና በማኅተም መሆኑ ነው።

በ1978 ሁለት ነገር ሆነ። ቢቢሲ ሱ ማልደን የተባለች ባለሙያ ማህደሩን እንድትይዝ ሾመና ምን እንዳለ፣ ምን እንደሌለ መቆጠር ተጀመረ። በዚያው ሰሞን ኢያን ሌቪን የተባለ፣ በሙዚቃ ፕሮዲዩሰርነቱ የሚታወቅ የድራማው ወዳጅ፣ የቀሩትን ፊልሞች ለመግዛት ወደ ሽያጭ ክፍሉ ሄደ። የደረሰው ሊጣሉ የተለዩት ጥቅሎች ተቆልለው ባሉበት ሰዓት ነው። በቁልሉ ውስጥ ዳሌኮች ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩበት ባለሰባት ክፍል ታሪክ ይገኝ ነበር። ዳሌኮች ማለት አንድ ክንዳቸው የቧንቧ መክፈቻ ጎማ የሆነ፣ ያም ሆኖ የእንግሊዝን ሕፃናት ከሶፋ ጀርባ ያስደበቁ ጠላቶች ናቸው። ሌቪን በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞት ቢቀር ኖሮ ዛሬ በየዲስኩ ሽፋን ላይ የሚታዩት እነዚያ ፍጡራን የመጀመሪያ ታሪካቸው ባልኖረ። በስድስቱ የጥቁርና ነጭ ዓመታት ከተሠሩት 253 ክፍሎች መካከል ከመቶ በላይ የሚሆኑት ግን አስቀድመው ሄደዋል።

ሰው የያዘውን ሲጥል ነው ገበያ የሚመጣው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቪዲዮ ማጫወቻ እንግሊዝ ሳሎኖች ውስጥ ገባና ቢቢሲም ካሴት መሸጥ አማረው። በ1983 የፋሲካ በዓል ላይ የድራማውን 20ኛ ዓመት ለማክበር ሎንግሊት በተባለው ትልቅ ቤተ መኳንንት ግቢ ድግስ ተዘጋጀ፤ ከተገመተው እጅግ የበዛ ሕዝብ ጎረፈ፤ መንገዱ በመኪና ተዘጋ። እዚያ የተሰበሰቡት ወዳጆች የትኛው ታሪክ በካሴት እንዲወጣላቸው እንደሚፈልጉ ተጠየቁ ይባላል። መልሳቸው «የሳይበርሜን መቃብር» የተባለው የ1967ቱ ታሪክ ሆነ (ሳይበርሜን እንደ ዳሌኮች ሁሉ የዶክተሩ ጠላቶች ናቸው)። ጠያቂው ድርጅት ይህን ታሪክ ደምስሶታል።

ሰው ዶሮ ወጥ አዞ «ዶሮው የለም፣ ሌላ ወጥ አለ» ሲባል የሚሆነውን መሆን ነው እንጂ ምን ይደረጋል! ሳይበርሜን እስካሉበት ድረስ ይበቃቸዋል ተብሎ ታስቦ መሰለኝ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ «የሳይበርሜን በቀል» የተባለው የ1975ቱ ታሪክ ወጣ። የመጀመሪያው የ«ዶክተር ሁ» ካሴት እሱ ነው። ዋጋው 39 ፓውንድ ከ95 ሳንቲም ነበር፤ ለዚያ ዘመን ሰው ቀልድ አይደለም። አራቱ ክፍሎች ተቀጣጥለው፣ የየክፍሉ መግቢያና መውጫ ሙዚቃ ተቆርጦ፣ አንድ ወጥ ፊልም ሆነዋል። ሽፋኑ ላይ የታተመው ሳይበርማን ደግሞ ከዚህ ታሪክ የተወሰደ ሳይሆን ከሰባት ዓመት በኋላ ከተሠራ ከሌላ ታሪክ የመጣ ነው። ወዳጆቹ ግን ገዙት። አጉረመረሙ፤ ገዙት። ይህ ልማድ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተቋረጠም።

እንግዲህ ፍለጋው ተጧጧፈ። በ1983 ለንደን ክላፓም ውስጥ፣ የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሁለት ክፍሎች ተገኙ፤ ጠፈር ላይ የሚደረግ ውጊያ እዚያ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ ቢኖር አጥጋቢ መልስ ያገኘ አይመስልም። በ1984 ከናይጄሪያ ስድስት ክፍሎች ተመለሱ። በ1988 ደግሞ «የበረዶ ተዋጊዎች» ከተባለው ታሪክ አራት ክፍሎች ከራሱ ከቢቢሲ ቢሮ፣ ምዕራብ ለንደን ካለ ሕንፃ ቁም ሣጥን ውስጥ ወጡ። ዓለምን ዞሮ ሲፈልግ የነበረው ድርጅት እቃው ቤቱ ነበር ማለት ነው። አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ፣ በሥራ ዘመኑ ጣለው የተባለውን ፊልም ሳይጥል ቤቱ ወስዶት ኖሮ፣ በ2004 አምጥቶ አስረከበ። ሁለት ሌሎች ክፍሎች ደግሞ ከአንድ የፊልም ሰብሳቢ ተገኝተው በ2011 ይፋ ሆኑ፤ ሰውየው የገዛቸው በ1980ዎቹ ከአንድ ትምህርት ቤት ባዛር ላይ ሲሆን ምን እንደያዘ ብዙ ዓመት አላወቀም።

«የሳይበርሜን መቃብር» ራሱስ? ከሆንግ ኮንግ መጣ። አራቱም ክፍሎች ተሟልተው በ1992 መጀመሪያ ለንደን ደረሱ፤ ሜይ ላይ በካሴት ወጡና ከእንግሊዝ የቪዲዮ ሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ ተቀመጡ። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ «እንደሱ ያለ ታሪክ ተሠርቶም አያውቅ» ሲሉ የኖሩ ሰዎች በመጨረሻ ተቀምጠው አዩት። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው እንኳ ይባላል። ሳይበርማኑ ጎልማሳ ሰው አንሥቶ ሲወረውር ግን ሰውየውን ያንጠለጠለው ሽቦ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በትዝታ ውስጥ ሽቦ አልነበረም።

ከሁሉ የሚያስቀው የሳንሱሩ ነገር ነው። አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ድራማውን ሲገዙ ለልጆች ያስፈራል ያሉትን ትዕይንት በመቀስ እየቆረጡ ነበር የሚያሳዩት። አንዲት ሴት ስትታነቅ፣ አንድ ወታደር ሲሞት፣ ጭራቁ ድንገት ብቅ ሲል፣ ይቆረጣል። የአውስትራሊያ ሳንሱር መሥሪያ ቤት ደግሞ ሥርዓት ያለው ነው፤ የቆረጠውን አይጥልም፣ ከሰነዱ ጋር አያይዞ ያስቀምጣል። በ1996 ሁለት የድራማው ወዳጆች የአገሪቱን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሲያገላብጡ እነዚያን ቁርጥራጮች አገኙ። ሕዝብ እንዲያየው የተፈቀደው ሙሉው ክፍል ጠፍቷል፤ ሕዝብ እንዳያየው የተከለከለው ጥቂት ሴኮንድ ግን ተርፎ ዛሬ ዲቪዲ ላይ ታትሞ ይሸጣል። አንዳንዱ ክፍል ከነነፍሱ የቀረልን ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሳንሱር ቆራጭ ሥራውን ትንሽ ጠንከር አድርጎ ቢሠራና ግማሹን ቢቆርጥ ኖሮ ስንቱን ባገኘን!

ድምፁ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተርፏል። ይህ ለማመን የሚከብድ ነገር ነው፤ ምስላቸው ከጠፋ ክፍሎች ድምፁ የጠፋ አንድም የለም። ያተረፉት በ1960ዎቹ ልጆችና ጎረምሶች የነበሩ ሰዎች ናቸው። ማንንም ሳያስፈቅዱ የቴፕ መቅረጫቸውን ማይክሮፎን ቴሌቪዥኑ ፊት ደቅነው፣ እናት ሳህን እንዳታንኳኳ ተማጽነው ቀዱት። በኤሌክትሪክ ነገር የበረቱት የቴሌቪዥኑን ጀርባ ፈተው ሽቦ ቀጠሉበት፤ የዚህ ዓይነቱ ቅጂ ጥራት ዛሬም ያስገርማል። በሌላ በኩል ጆን ኩራ የተባለ የለንደን ፎቶ አንሺ ነበር፤ ንግዱ የቴሌቪዥን ፕሮግራም እየተላለፈ ሳለ ከመስኮቱ ላይ ፎቶ እያነሣ ለአዘጋጆችና ለተዋንያን መሸጥ ነው። ለብዙዎቹ የጠፉ ክፍሎች ድምፁ ከሳሎን፣ ፎቶው ከኩራ ተገኘ። በ2006 ከተረፈው ድምፅ ተነሥቶ «ወረራው» የተባለው የ1968 ታሪክ ሁለት የጠፉ ክፍሎች በአኒሜሽን ተሥለው በዲቪዲ ወጡ። በ2016 ደግሞ አንድም ክፍል ያልተረፈለት «የዳሌኮች ኃይል» ስድስቱም ክፍሎቹ ተሣሉ። አኒሜሽኑን የሚወድ አለ፣ አንጀቱ የማይቀበለው አለ። እዚህ ላይ የጸሐፊው ፍርድ ካስፈለገ፣ ዓይንን ጨፍኖ ድምፁን ብቻ መስማት ይሻላል፤ ትራውተን በድምፁ ብቻ ይበቃል።

ካሴቱ እስከ 2003 ኖረ። ዲቪዲው በ1999 ሲመጣ፣ የቢቢሲ መሐንዲሶችና የድምፅ ባለሙያዎች ያሉበት፣ ራሱን የጥገና ቡድን ብሎ የሚጠራ ስብስብ ሥራውን ከልቡ ያዘው። ስቲቭ ሮበርትስ፣ ማርክ ኤርስና ጓደኞቻቸው አብዛኛውን ያደረጉት ከደመወዝ ይልቅ በፍቅር ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ችግራቸው እንቅስቃሴው ነበር። የዘመኑ ቴሌቪዥን በሴኮንድ 50 ጊዜ ምስሉን እያደሰ ያሳያል፤ በቴሌቪዥን ፊት ካሜራ ተደቅኖ ወደ ፊልም ሲገለበጥ ግን በሴኮንድ 25 ምስል ብቻ ይቀራል። ስቱዲዮ ውስጥ ትናንት የተሠራ የሚመስለው ነገር እንደ አሮጌ ሲኒማ ይንገጫገጫል። ፒተር ፊንክልስተን የተባለ ባለሙያ በሁለቱ ምስሎች መካከል የጎደለውን ሦስተኛ ምስል በኮምፒውተር አስልቶ የሚያስገባ ዘዴ ሠራና ሃርትኔል ከአርባ ዓመት በኋላ በስቱዲዮ ወለል ላይ እንደ ሰው መራመድ ጀመረ።

የቀለሙ ታሪክ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። በ1970 ጆን ፐርትዊ ሦስተኛው ዶክተር ሆኖ ሲመጣ ድራማው ባለቀለም ሆኗል። አንዳንዶቹ ታሪኮች ግን ዋናው ቴፕ ተደምስሶ የቀረላቸው ጥቁርና ነጭ የፊልም ግልባጭ ነው። በመጀመሪያ መፍትሔ ሆኖ የመጣው አሜሪካዊ ተመልካች ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ድራማው ሲታይ ቤቱ ቁጭ ብሎ በቤታማክስ የቀዳው ሰው ነበረ። ምስሉ ደብዛዛ ቢሆንም ቀለም አለው። በ1992 ከዚያ ቅጂ ቀለሙን ብቻ ቀድተው በጥራቱ ጥሩ በሆነው ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ አለበሱት፤ «አጋንንቱ» የተባለው የ1971 ታሪክ እንዲህ ሆኖ ተመለሰ።

አሜሪካዊ ያልቀዳላቸውስ? እዚህ ላይ ጀግናችን መልኩን ቀይሮ ይመጣል። ባለቀለም ፕሮግራም ወደ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲገለበጥ፣ የቀለሙ መልእክት መስኮቱ ላይ የረቀቀ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ነጠብጣቡ ምስሉን ስለሚያበላሽ በማጣሪያ እንዲወገድ ነበር ደንቡ። ሁልጊዜ አላስወገዱትም። ጀምስ ኢንሴል የተባለ የቢቢሲ ባለሙያ ከብዙ ዓመት በኋላ ፊልሙን በአጉሊ መነጽር መሰል ትኩረት ሲያየው ነጠብጣቡ አለ፤ ነጠብጣቡ ካለ ቀለሙ አለ ማለት ነው አለ። ሪቻርድ ራስል የተባለ መሐንዲስ ነጠብጣቡን አንብቦ ቀለሙን የሚያወጣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፈ። በ2013 «የክፋት አእምሮ» የተባለው ባለስድስት ክፍል ታሪክ በዲቪዲ ሲወጣ አምስቱ ክፍሎች ቀለማቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል የገለበጠው ሰው ግን ማጣሪያውን እንደታዘዘው አበራው። ለዚያ ክፍል ሲባል አንድ ባለሙያ ቀለሙን በእጁ ቀባ።

ወደ ኪስ ጉዳይ እንምጣ። ለ20ኛው ዓመት የተሠራው «አምስቱ ዶክተሮች» አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ድራማ ነው። በ1985 ተቆራርጦ በካሴት ወጣ። በ1990 ሳይቆረጥ ወጣ። በ1995 አዲስ ትዕይንትና አዲስ ድምፅ ገብቶበት በልዩ እትም ወጣ። በ1999 የድራማው የመጀመሪያ ዲቪዲ ሆኖ ወጣ። በ2008 የ25ኛ ዓመት እትም ተብሎ ሁለት ዲስክ ሆኖ ወጣ። በ2023 በብሉሬይ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ወጣ። እንግዲህ ታማኙ ገዢ አንዱን ድራማ ስድስት ጊዜ ገዝቷል፤ ያም ሆኖ አምስት ዶክተሮች አላገኘም። የመጀመሪያው ተዋናይ በሕይወት ስላልነበረ በሌላ ተተካ፤ አራተኛው ዶክተር ቶም ቤከር ደግሞ አልሠራም ብሎ ቀረ። ለማስታወቂያው ፎቶ ጊዜ ከማዳም ቱሶ ሙዚየም የሰም ሐውልቱ ተወስዶ ከሌሎቹ ጎን ቆመ። ድራማው ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ የሚለው ደግሞ «ሻዳ» ከተባለ፣ ተጀምሮ ካልተጨረሰ ሥራ በተወሰደ ቁራጭ ነው።

«ሻዳ» ራሱ መጽሐፍ ይወጣዋል። ጸሐፊው ዳግላስ አዳምስ ነው። በ1979 ካምብሪጅ ላይ የውጭው ትዕይንት ተቀርጾ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ጥቂት እንደተሠራ ሥራ ማቆም አድማ ተመታና ቀረ። በ1992 ቶም ቤከር የጎደለውን በቃሉ እየተረከ በካሴት ወጣ። በ2013 በዲቪዲ መጣ። በ2017 የጎደለው በአኒሜሽን ተሞላ፤ ተዋንያኑ አርጅተው ተመልሰው ድምፃቸውን ሰጡ፤ በመጨረሻም በ83 ዓመቱ ቶም ቤከር ያን ረጅም ያንገት ልብስ ጠምጥሞ ካሜራ ፊት ቆመና በ1979 ጥሎት የሄደውን ትዕይንት ጨረሰው። በ2021 ደግሞ ከነሙሉ ዓመቱ በብሉሬይ ታሸገ። አራት ጊዜ የተሸጠ፣ ግን አንድ ጊዜም ተሠርቶ ያላለቀ ድራማ። ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አይመኝም።

የብሉሬይ ሣጥኖቹ በ2018 ከተጀመሩ ወዲህ እያንዳንዱ ዓመት በአንድ ሣጥን እየታሸገ ነው። መጀመሪያ የወጣው 12ኛው ዓመት ነው። ቀጥሎ 19ኛው፣ ከዚያ 18ኛው፣ ከዚያ 10ኛው፣ ከዚያ 23ኛው። በዘመን ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስለሚል ሰው የሚተርክ ድራማ በቅደም ተከተል ይውጣ ማለት ተገቢ አይሆን ይሆናል፤ መደርደሪያቸው ላይ ክፍት ቦታ እየለኩ የሚተዉ ሰዎች ግን እንዲህ አያዩትም። ልዩ እትሙ ቶሎ ስለሚያልቅ ያመለጠው በእጥፍ ዋጋ ከሌላ ሰው ይገዛል። በዚያ በመጀመሪያው ሣጥን ውስጥ ከታሸጉት አንዱ «የሳይበርሜን በቀል» ነው፤ በ1983 በ40 ፓውንድ ገደማ የተሸጠው፣ አሁን አራቱም ክፍሎቹ ከነሙዚቃቸው።

ያ የኢትዮጵያ ወሬስ? ጋዜጣው በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢቢሲ ለንደን ላይ ጋዜጠኞችን ሰበሰበ። ክፍሎች መገኘታቸው እውነት ነው። ብዛታቸው ከመቶ በላይ ሳይሆን 9 ነው፤ አገሩም ኢትዮጵያ ሳይሆን ናይጄሪያ። ፊሊፕ ሞሪስ የተባለ ፊልም አዳኝ፣ ጆስ ከተማ ባለ የቴሌቪዥን ማሠራጫ ጣቢያ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ስሙ በልጥፍ የተጻፈበትን ቆርቆሮ አቧራ ጠርጎ ነው ያገኛቸው። «የዓለም ጠላት» የተባለው ታሪክ ተሟላ፤ ትራውተን ዶክተሩንም ዶክተሩን የሚመስለውን አምባገነንም ሆኖ የሚጫወትበት ነው። «የፍርሃት ድር» ደግሞ ከስድስቱ ክፍሎች ከአንዱ በቀር ተሟላ። የቀረው ሦስተኛው ክፍል ነው። ሞሪስ እንደሚለው መጀመሪያ ሲያየው ጥቅሉ እዚያው ነበር፤ ድርድሩ ሲጎተት ግን አንድ ሰው አንሥቶታል። ክፉ ዕድል ሆኖ ከዚያ በኋላ በድራማው ውስጥ ለብዙ ዓመት የሚወደደው መኮንን ሌዝብሪጅ ስቱዋርት ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው በዚያ ክፍል ነው። ጥቅሎቹ አርባ ዓመት ያህል ሲተኙ ማንም አልነካቸውም፤ ዋጋ እንዳላቸው የታወቀ ዕለት አንዱ ጠፋ።

ከዚያ ግኝት በኋላ 97 ክፍሎች እንደ ጠፉ ቀሩ። ዘጠኙ ግን ጋዜጠኞች በተሰበሰቡ ማግስት በኢንተርኔት ለሽያጭ ቀረቡና ከገበያው አናት ላይ ወጡ፤ ዲቪዲው ተከትሎ መጣ። ያኔ ብዙ ሰው የመደርደሪያ ዘመን አበቃ አለ። ሁሉም ነገር በኢንተርኔት የሚገኝ ከሆነ ሳሎንን በሣጥን ማጨናነቅ ምን ይሉታል?

በኖቬምበር 2023 ድራማው 60 ዓመት ሲሞላው ቢቢሲ ከ800 በላይ ክፍሎችን አይፕሌየር በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎቱ ላይ ለእንግሊዝ ተመልካች በነፃ ለቀቀ። ከተረፉት ሁሉም ማለት ይቻላል ነበሩ፤ የመጀመሪያው ታሪክ ግን አልነበረም። ኖቬምበር 23 ቀን 1963 የታየው፣ ሁሉ ነገር የተጀመረበት፣ ደግሞም ፊልሙ ከቶ ጠፍቶ የማያውቀው ታሪክ ማለት ነው። የጻፈው አንቶኒ ኮበርን ነበር፤ ከወራሹ ጋር በመብቱ ጉዳይ ስምምነት ላይ አልተደረሰም። ስለዚህ በዚያ በዓል ድራማውን ከሥሩ ልጀምር ያለ ወጣት ተመልካች ያገኘው ሁለተኛውን ታሪክ ነው። ሁለት አስተማሪዎች ከአንድ ሽማግሌና ከልጅ ልጁ ጋር በማያውቁት ዓለም ላይ ቆመዋል፤ እንዴት እዚያ እንደደረሱ የሚነግረው የለም። ማወቅ ከፈለገ በ2006 «ጅማሬው» ተብሎ የወጣውን የዲቪዲ ሣጥን ያልጣለ አጎት መፈለግ ነው። አጎትየው ዲስክ ማጫወቻውንም አብሮ እንዳልጣለው አስቀድሞ ደውሎ ማረጋገጥ አይከፋም።